ስኳር ሲወጣ ኬቶንን መለካት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ታካሚዎችና አስታማሚዎች

የስኳር ማሽኑ 320 ካሳየ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ኢንሱሊኑ እያለ ምግቡ በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ማታ ሠርግ ቤት የተበላው ጠዋት ታየ ማለት ነው። ወይም ደግሞ ኢንሱሊኑ በጣም አንሷል፣ ምናልባትም ጨርሶ የለም፤ ሰውነት በስኳሩ መጠቀም ስላቃተው ስብ ማቃጠል ጀምሯል። ማሽኑ ለሁለቱም ያው 320 ነው የሚለው። የመጀመሪያው በውሃና በተለመደው መርፌ ይወርዳል። ሁለተኛው ግን በሰዓታት ውስጥ ሰው ይጥላል። ሁለቱን የሚለየው የኬቶን ምርመራ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አንድ ብልቃጥ የሽንት ስትሪፕ፣ ማለትም ሽንት ውስጥ ተነክሮ ቀለሙ የሚለወጥ መመርመሪያ ዘንግ፣ ይበቃል፣ አያያዙንና አነባበቡን ካወቁበት።

ኬቶን ጉበት ስብን ሲያቃጥል የሚወጣ ነገር ነው። ሦስት ዓይነት አለው፦ አሴቶአሴቴት፣ ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬትና አሴቶን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አሲድ ናቸው፤ ሲበዙ ደሙን ያኮመጥጡታል። ሐኪሞች «ዲኬኤ» የሚሉት አደጋ ይኸው ነው። አሴቶን በትንፋሽ ይወጣል፤ በታማሚው አፍ ላይ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ የሚመጣው ከእሱ ነው። ጤነኛ ሰውም ሲጾም ጥቂት ኬቶን ያመርታል፤ ነገር ግን ኢንሱሊኑ ስላለ ከልክ አያልፍም። ኢንሱሊን የሌለው ሰው ግን የሚገታለት የለውም።

ማን ነው መለካት ያለበት

ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሁሉ፣ ልጅም አዋቂም፣ ስትሪፕ ከቤቱ ሊጠፋ አይገባም። ነፍሰ ጡር ሆና ስኳር ያለባትም እንዲሁ፤ በእርግዝና ወቅት ስኳሩ ያን ያህል ሳይወጣ ኬቶኑ ሊጨምር ይችላልና። ዓይነት 2 ሆኖ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሲታመም ይለካ። ሌላው ብዙዎች የማያውቁት፣ ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኤምፓግሊፍሎዚን የሚባለውን ኪኒን የሚወስድ ሰው ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ስኳርን በሽንት ስለሚያስወጡ ማሽኑ 180 እያሳየ ዲኬኤ ሊመጣ ይችላል። እነሱን እየወሰደ የሚያስመልሰው ሰው ስኳሩ ደህና ነው ብሎ መተኛት የለበትም።

ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድና በደህናው ቀን የሚገኝ ሰው ግን ስትሪፕ ገዝቶ ባያስቀምጥም ግድ የለም።

መቼ ይለካል

በየቀኑ አያስፈልግም። ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሲደገምም ካልወረደ ይለካል፤ ማሽኑ ከቁጥር ይልቅ «ሃይ» ብሎ ከጻፈ ወዲያው ይለካል። በሚሊሞል የሚያነብ ማሽን ያለው ሰው ቁጥሩን በ18 ያባዛ፤ 14 ሚሊሞል ወደ 250 ይመጣል። ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት ካለ ስኳሩ ስንትም ቢሆን ይለካል። መርፌ የተዘለለ ቀንም እንዲሁ።

በእኛ አካባቢ አንድ ነገር ደጋግሞ ያታልላል። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመምና ድካም ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ጨጓራ ወይም ታይፎይድ ነው፤ ኮምቦልቻና ቃሉ ቆላው ላይ ደግሞ ወባ ይጨመርበታል። ዲኬኤም የሚጀምረው እንዲሁ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ሲያስመልስ የወባ ምርመራው ይደረግ፣ ኬቶኑ ግን ከእሱ በፊት ይታይ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስኳር እንዳለበት ገና ያልታወቀ ልጅም ቢሆን ውሃ ውሃ እያለ፣ ሌሊት እየተነሣ እየሸና፣ እየከሳ ከመጣ ስኳሩና ኬቶኑ በዕለቱ ይታይለት።

ምን ይገዛል

ሦስት ዓይነት ነገር አለ። አንደኛው ኬቶንን ብቻ ወይም ስኳርና ኬቶንን የሚያሳይ የሽንት ስትሪፕ ነው፤ ለቤት የሚሻለው ይህ ነው። ሁለተኛው ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት አሥር ምርመራ ያለበት ስትሪፕ ነው። ፋርማሲ የመጀመሪያው ከሌለ ይህኛውም ይሠራል፤ ነገር ግን ስትሪፑ ላይ ካሉት አሥር ትንንሽ ባለቀለም ሣጥኖች የኬቶኑ የትኛው እንደሆነ በብልቃጡ ላይ ካለው የቀለም ሰንጠረዥ ጋር አመሳክሮ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቅደም ተከተሉ ከአምራች አምራች ይለያያል። ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ስህተት የስኳሩን ሣጥን እንደ ኬቶን ማንበብ ነው። ሦስተኛው ከጣት ደም የሚለካው የኬቶን ማሽን ነው። ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፤ ስትሪፑ ግን ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። ማሽኑን ከውጭ አገር ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ስትሪፑን ማን በየጊዜው እንደሚልክ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ስትሪፕ የሌለው ማሽን ምንም አይሠራም።

ሲገዙ የመጠቀሚያ ጊዜውን ይዩ፤ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑንም አይርሱ። 2025/06 የሚል ብልቃጥ በእኛ ሰኔ 2017 ላይ አልፎበታል። በኢትዮጵያ ዓመት ያነበበው ሰው ገና ብዙ ዓመት ያለው ይመስለዋል።

ብልቃጡ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ሌላ ቀን ይቆጠራል። እንደ አምራቹ ከ3 እስከ 6 ወር ነው፤ የተከፈተበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፈው ይለጥፉበት።

በሽንት መለካት፣ ደረጃ በደረጃ

1. እጅዎን ታጥበው ያድርቁ። በእርጥብ ጣት ብልቃጥ ውስጥ መግባት የቀሩትን ስትሪፖች ያበላሻል።

2. ንጹሕና ደረቅ ኩባያ ያዘጋጁ። ሳሙና ወይም በረኪና የቀረበት ዕቃ አይሁን።

3. የሚቻል ከሆነ መጀመሪያ ፊኛዎን ባዶ ያድርጉ፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡና ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚመጣውን ሽንት ይመርምሩ። ሌሊቱን ሙሉ ፊኛ ውስጥ ያደረ ሽንት የሚያሳየው የሌሊቱን እንጂ የአሁኑን አይደለም። ታማሚው በጣም ከደከመ ግን ይህን አይጠብቁ፤ የተገኘውን ሽንት ይመርምሩ።

4. አንድ ስትሪፕ አውጥተው ክዳኑን ወዲያው ግጥም አድርገው ይዝጉ። ባለቀለሙን ሣጥን በጣት አይንኩ። ገና ያልተነከረውን ቀለም ሰንጠረዡ ላይ ካለው «የለም» ከሚለው ቀለም ጋር ያስተያዩ፤ ቡኒ ወይም ሮዝ ሆኖ ካገኙት ስትሪፑ ተበላሽቷል።

5. ሣጥኑ ሙሉ በሙሉ እንዲርስ ሽንቱ ውስጥ ነክረው ወዲያው ያውጡ። ጠርዙን በኩባያው አፍ ጫፍ ላይ ጎተት አድርገው ትርፉን ያራግፉ። አግድም ይያዙት፤ ቀጥ ብሎ ከተያዘ የአንዱ ሣጥን ፈሳሽ ወደ ሌላው ይወርዳል።

6. በስልክዎ ሰዓት ይቁጠሩ። ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል፤ አንዳንዱ 15 ሰከንድ ነው፣ አሥር ምርመራ ያለበት ብዙውን ጊዜ 40 ሰከንድ ነው። ቡና አፍልቶ ተመልሶ ማንበብ የለም፤ ጊዜው ካለፈ ቀለሙ ይለወጣል።

7. በቀን ብርሃን ወይም በነጭ አምፖል ሥር ከሰንጠረዡ ጋር ያስተያዩ። መብራት በሌለበት ማታ በሻማ ማንበብ ያሳስታል፤ የስልክ ባትሪ ይሻላል። ቀለም መለየት የሚቸግረው ሰው ሌላ ሰው ያስነብብ።

8. ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስኳሩንና ኬቶኑን ይጻፉ። ስትሪፑን ከሰንጠረዡ ጎን አድርጎ በጊዜው ፎቶ ማንሣትም ጥሩ ነው።

ዳይፐር ለሚያደርግ ሕፃን ንጹሕ ጥጥ ዳይፐሩ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሲርስ ስትሪፑ ላይ ይጭመቁት።

በደም ማሽን የሚለካ ሰው ጣቱን በሞቀ ውሃ ታጥቦ ያድርቅ። ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ይበርዳል፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች አይሠሩም፣ የስህተት ምልክት ያሳያሉ። ማሽኑን ብርድ ልብስ ውስጥ ወይም ኪስ ውስጥ ጥቂት አቆይቶ መሞከር ነው። የኬቶኑና የስኳሩ ስትሪፕ በአንድ ማሽን የሚገቡ ከሆነ እንዳይምታቱ ማሸጊያውን ይዩ።

ውጤቱን ማንበብ

የሽንት ስትሪፕ ከቀላል ክሬም ወደ ሮዝ፣ ከሮዝ ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ ይሄዳል። ላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሚጻፈው «የለም»፣ «ትሬስ» (እጅግ ጥቂት)፣ አንድ ፕላስ፣ ሁለት ፕላስ፣ ሦስት ፕላስ ነው። በብዙዎቹ ስትሪፖች አንድ ፕላስ 15 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ገደማ፣ ሁለት ፕላስ 40፣ ሦስት ፕላስ 80ና ከዚያ በላይ ነው። በደም የሚለካው ግን በሚሊሞል ነው፤ ከ0.6 በታች ደህና ነው።

«የለም» ወይም «ትሬስ» ሆኖ ስኳሩ ብቻ ከፍ ካለ የተለመደውን ኢንሱሊን ይውሰዱ፣ ውሃ ይጠጡ፣ በ4 ሰዓት ውስጥ ሁለቱንም ይድገሙ።

አንድ ፕላስ ወይም በደም ከ0.6 እስከ 1.5 ከሆነ ኢንሱሊን አይዘለል፤ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ይደገም። ሁለተኛው ካልቀነሰ ጤና ተቋም ይሂዱ። እዚህ ደረጃ ላይ ስፖርት ወይም ረጅም የእግር ጉዞ ስኳሩን ያወርዳል ብሎ መነሣት ነገሩን ያብሳል፤ ኢንሱሊን በሌለበት ጡንቻ ሲሠራ ኬቶኑ ይጨምራል።

ሁለት ፕላስ ወይም በደም ከ1.6 እስከ 3 ከሆነ እስኪነጋ አይጠበቅም። ሐኪሞች ዲኬኤ ነው ለማለት ከሚመለከቷቸው መስፈርቶች አንዱ ሁለት ፕላስ ኬቶን ነው። ሦስት ፕላስ ወይም በደም ከ3 በላይ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ቁጥሩ ያነሰ ቢሆንም የማያዘገዩ ምልክቶች አሉ፦ የጠጣው ሁሉ ተመልሶ የሚወጣበት፣ ሳይሮጥ በረጅሙና በፍጥነት የሚተነፍስ፣ የሚያንቀላፋ ወይም የሚቃዥ ሰው ስትሪፕ አያስፈልገውም፤ ይወሰድ። ነፍሰ ጡርና ትንሽ ልጅም ኬቶን ከታየባቸው እንዲሁ።

ስኳሩ 90 ሆኖ ኬቶኑ ሁለት ፕላስ የሆነበት የሚያስመልስ ልጅስ? ያ ረሃብም ሊሆን ይችላል። ጣፋጭ ፈሳሽ በማንኪያ በማንኪያ ይሰጠው፤ መርፌው ግን ጨርሶ አይቁም፤ መጠኑን ሐኪሙ ይንገራችሁ። አፉ ካልተቀበለ ግሉኮስ በደም ሥር ያስፈልገዋል፤ ቤት አይቆይ።

«አልበላሁም፣ አልወጋም»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጥለው ይህ ነው። የምግብ ፍላጎት ጠፋ፣ አስመለሰ፣ ስለዚህ ኢንሱሊን ይቅር ይባላል። አመክንዮው ትክክል ይመስላል፤ ግን ሰውነት ሲታመም ኢንሱሊንን የሚቃወሙ ሆርሞኖችን ስለሚረጭ ባዶ ሆድም ስኳሩ ይወጣል። ዓይነት 1 ያለበት ሰው የረጅሙን ኢንሱሊን፣ ማለትም ኤን ፒ ኤችን፣ ፈጽሞ አያቋርጥም፤ ስኳሩ ዝቅ ካለ መጠኑ ይቀነሳል እንጂ። የምግቡን ሬጉላር በተመለከተ ስንት እንደሚቀነስ ወይም እንደሚጨመር ደህና ሳሉ ሐኪምዎ ቀጠሮ ደብተሩ ላይ ይጻፍልዎ። ብዙ ጊዜ ለኬቶን የሚጨመረው የቀኑ ጠቅላላ መጠን ከመቶ 10 ወይም 20 ነው፤ በቀን 40 ዩኒት የሚወስድ ሰው 4 ወይም 8 ዩኒት ሬጉላር ማለት ነው። ያልተጻፈልዎትን ግን በግምት አይጨምሩ፤ ሬጉላር ከ6 እስከ 8 ሰዓት ስለሚቆይ በላዩ ላይ በየሁለት ሰዓቱ የሚደራረብ ከሆነ ስኳሩ ድንገት ይወርዳል። ሚክስታርድ (ሁለቱ የተቀላቀሉበት)ና ኤን ፒ ኤች ደግሞ ለማረሚያ አይሆኑም፣ ቀርፋፋ ናቸው።

ስኳሩ ከ250 በላይ ሳለ ውሃ፣ ስኳር የሌለው ሻይ፣ ጨው ጣል የተደረገበት ቀጭን ሾርባ ይጠጣ። ከ200 ወርዶ ምግብ ካልገባ ስኳር ያለው ሻይ ወይም አጥሚት በጥቂት በጥቂቱ። ተቅማጥ ካለ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ውሃ ይበጠበጥ፤ ያለችው ጥቂት ግሉኮስ አታስፈራም። ሜትፎርሚንና ከላይ የተጠቀሱት ኪኒኖች ትውከትና ድርቀት እያለ ይቁሙ፤ ሐኪም ሳያይ አይጀመሩ።

ለጾምም ያው ነው። በረመዳን ስኳሩ ከ300 በላይ ወይም ከ70 በታች የሆነ ሰው ጾሙን ይፍታ፤ ሽንት መመርመር ደግሞ ጾም አያስፈታም። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው «ትሬስ» ቢያይ ስኳሩ ደህና እስከሆነ አይደንግጥ። ግሸን የሚወጣም ሆነ ጠበል የሚገባ መርፌውን ይዞ ይሂድ፤ ጠበሉና ኢንሱሊኑ አይጣሉም። ጫት ላይ የሚውል ሰው ምግቡንም መርፌውንም ይረሳልና ሰዓቱን ስልኩ ላይ ይሙላ።

ውጤቱ ሲያሳስት

ስትሪፑ «የለም» ብሎ ሰውየው ግን እየባሰበት ከሄደ ሰውየውን ይመኑ። የሽንት ስትሪፕ የሚያየው አሴቶአሴቴትን ነው፤ በዲኬኤ የሚበዛው ግን ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት ነው፤ እሱን ጨርሶ አያየውም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አሳንሶ ያሳያል። ሕክምና ሲጀመር ደግሞ ቤታው ወደ አሴቶአሴቴት ስለሚመለስ ታማሚው እየተሻለው ስትሪፑ ሊጠቁር ይችላል። አልጋ አጠገብ የተቀመጠ አስታማሚ ይህን ካላወቀ በከንቱ ይጨነቃል።

ሽንቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ኬቶኑ ሊቀንስ ይችላል። ብዙ ቫይታሚን ሲ የሚውጥ ሰው ላይም ዝቅ ሊያሳይ ይችላል። በተቃራኒው ካፕቶፕሪል የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒት ኬቶን ሳይኖር ቀለሙን ሊለውጥ ይችላል። ከሁሉም በላይ የሚያበላሸው ግን እርጥበት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጦሳ ጉም ሲለብስ ቤት ውስጥ ያለው ጨው እንኳ ይረጥባል፤ ክፍት ያደረ ብልቃጥ በዚያ ሳምንት አበቃለት። ፍሪጅ ውስጥም፣ መታጠቢያ ቤትም፣ የቡና እንፋሎት በሚደርስበት መደርደሪያም አይቀመጥ። ክዳኑ ውስጥ ያለችውን እርጥበት መጣጭ አታውጧት። ለቁጠባ ብሎ ስትሪፑን በቁመት መቁረጥም አለ፤ ተቆርጦ የዋለው ግማሽ እርጥበት ስቦ የሐሰት ውጤት ይሰጣል፣ ባይደረግ ይሻላል።

ያለምንም በሽታ ኬቶን ከታየ ኢንሱሊኑን ራሱን ይመርምሩ። ሬጉላር እንደ ውሃ ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ ከደፈረሰ ይጣል። ኤን ፒ ኤች በመዳፍ ሲንከባለል እኩል ነጭ ይሆናል፤ ግግር ወይም ፍንካች ከታየበት አይሠራም። ደሴ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ደሴ መደርደሪያ ላይ የከረመ ብልቃጥ ኮምቦልቻ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ላይቆይ ይችላል። ፍሪጅ የሌለው ሰው እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ጥላ ሥር ያስቀምጥ። ፍሪጅ ያለው ማቀዝቀዣው በር ላይ እንጂ በረዶ ቤቱ አጠገብ አያድርገው፤ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይመለስም። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ መውጋት ያመጣው ጉብታም መድኃኒቱን አይመጥም።

ወደ ሆስፒታል ሲኬድ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎ ላይ ማታ ጉም ካለ መኪናው ይዘገያል፤ ይህን ጊዜ ከወዲሁ ያስቡ። ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ፈሳሽ በደም ሥር ሊጀምር ከቻለ እዚያ ማስጀመርና ወደ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሪፈር መያዝ ባዶ እጅ ከመሮጥ ይሻላል። እዚያ የሚሰጠው ፈሳሽ፣ በልክ የሚገባ ኢንሱሊንና ፖታሲየም ነው። ፖታሲየሙ ሳይታይ ኢንሱሊን በብዛት መስጠት ልብን ስለሚጎዳ ነው ቤት ውስጥ የማይሞከረው።

ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የደከመ ሰው ታሪክ አያስረዳም። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

«ዕድሜ 16፣ ዓይነት 1 ስኳር፣ ክብደት 48 ኪሎ። ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ስኳር 340፣ የሽንት ኬቶን አንድ ፕላስ። 10 ሰዓት ስኳር 385፣ ኬቶን ሁለት ፕላስ። ከ9 ሰዓት ጀምሮ ሦስት ጊዜ አስመለሰ። የመጨረሻ ኢንሱሊን ጠዋት 1 ሰዓት፦ ኤን ፒ ኤች 18፣ ሬጉላር 6። መጨረሻ የሸናው 10 ሰዓት። ሌላ መድኃኒት የለም።»

የኢንሱሊኑን ብልቃጥና የስኳር ማሽኑን ከወረቀቱ ጋር በአንድ ከረጢት ይያዙ፤ ማሽኑ ያለፉትን ቁጥሮች ያስታውሳል፣ ብልቃጡም የተበላሸ ከሆነ እዚያው ይታያል።